«እማዬ መቼ እንጀራ ትጋግር?» ከጡት ቀዶ ሕክምና በኋላ ወደ ቤት ሥራ ስለመመለስ

ጥያቄ፦ «ሰላም ለእናንተ ይሁን። እኔ የምጽፈው ከኮምቦልቻ ነው፤ እናቴ ግን የምትኖረው ኩታበር ገጠሩ ውስጥ ነው። 54 ዓመቷ ነው። በካንሰር ምክንያት የግራ ጡቷ ከብብቷ ንፍፊት ጋር ደሴ ላይ በኦፕራሲዮን ከወጣ አምስት ሳምንት ሆነው። የቁስሉን ፈሳሽ የሚያወጣው ቱቦ በ12ኛው ቀን ወጥቷል፣ ቁስሉም ደርቋል። በሚቀጥለው ሳምንት ኬሞ (የካንሰሩን መድኃኒት) ትጀምራለች። ክንዷ ግን ከትከሻዋ በላይ አልወጣ ብሏል። ስትዘረጋው ከብብቷ እስከ ክርኗ ድረስ እንደ ክራር ክር የሚወጠር ነገር አለ። አክስቴ 'ሥር ዞሮባት ነው፣ ወጌሻ ዘንድ እንውሰዳት' ትላለች። ጎረቤቱ ደግሞ 'እጅሽን እንዳታንቀሳቅሺ፣ ያብጣል' ይላታል። እሷ መቀመጥ ሰልችቷታል። የወንድሜ ሰርግ ከሁለት ወር በኋላ ስለሆነ 'እንጀራውን እኔው ነኝ የምጋግረው' ብላ ይዛናለች። መጋገር፣ ውሃ መቅዳት፣ ሶላት ላይ ሱጁድ መውረድ መቼ ትችላለች?»

ምላሽ፦ እህቴ፣ አብሽሪ፤ አላህ ፍጹም ያሽርልሽ። ከጻፍሽው ሁሉ ደስ ያለኝ «መቀመጥ ሰልችቷታል» ያልሽው ነው። በፊዚዮቴራፒ ሥራዬ እጅግ የሚያስቸግሩኝ ሥራ ያበዙ እናቶች አይደሉም፤ ክንዳቸውን እንደ ሕፃን አቅፈው በሦስተኛው ወር የሚመጡት ናቸው።

ባጭሩ ልመልስልሽና ወደ ዝርዝሩ እገባለሁ። ሶላቱን በትንሽ ማስተካከያ ዛሬውኑ መስገድ ይችላሉ። ቀላል ቀላሉን የቤት ሥራም ዛሬውኑ ይጀምሩ። ጥቂት እንጀራ መጋገር ክንዳቸው ሲፈታ ይመጣል፤ ከሠሩበት በሦስትና በአራት ሳምንት ውስጥ ሊሆን ይችላል። 20 ሊትር ጀሪካን ግን ለሰርጉም አይደርስም፣ እሱን ከአሁኑ እርሱት።

ክንዱ ለምን እንደማይነሳ ልንገርሽ። ጡት የሚነሳው ከደረት ጡንቻው ላይ ተገልጦ ነው፤ የቀረው ቆዳ ተስቦ ይሰፋል። ንፍፊቱ ሲለቀም ደግሞ ክንድ ሲነሳ የሚለጠጠው ለስላሳው የብብት ቦታ ይቆስላል። ቁስል ሲሽር ይኮማተራል፣ ጠባዩ ነው። በሚኮማተርባቸው ሳምንታት ክንዱ ከተንቀሳቀሰ ጠባሳው ረዝሞ ይሽራል፣ ከታቀፈ አጥሮ ይሽራል። እናቶቻችን ደግሞ ያቅፉታል። ያማቸዋል፤ ጎደለ የሚሉትንም ጎን ከሰው ዓይን መሸሸግ ይፈልጋሉ፤ የኩታበር ብርድ ለጋቢው ሰበብ ይሆናል። እንዲያ ጋቢ ተከናንበው፣ ክንዳቸውን ሆዳቸው ላይ አጥፈው፣ ትከሻቸውን ወደ ፊት አጉብጠው ሳምንታት ይቆያሉ። ኋላ ችግሩ ከጠባሳው አልፎ ወደ ትከሻው መገጣጠሚያ ይሻገራል፤ የደረቀ ትከሻ ለመፍታት ደግሞ ወራት ይፈጃል።

ሌላም ምክንያት አለ፤ ለብዙ ቤተሰብ ሳይነገር ይቀራል። ከኬሞው በኋላ ጨረር ከታዘዘላቸው፣ ጨረሩን የሚወስዱት በጀርባቸው ተኝተው ክንዳቸውን ከራሳቸው በላይ አንስተው ነው። በየቀጠሮው እንደዚያው ሆነው ሳይነቃነቁ መቆየት አለባቸው። ክንዱ የማይነሳ ታካሚ ለጨረሩ በሚፈለገው መንገድ መተኛት አይችልም። ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ግድም ተጉዞ፣ ወረፋ ጠብቆ፣ «መጀመሪያ ክንድዎን አፍታተው ይምጡ» መባል እንዴት እንደሚያንገበግብ የደረሰባቸው ነግረውኛል። እናትሽ አሁን የሚያነሱት ክንድ ለእንጀራው ብቻ አይደለም ማለት ነው።

ወደ ጎረቤቶቹ ልምጣ። «ያብጣል» የሚሉት ከሜዳ ያመጡት ነገር አይደለም። የብብት ንፍፊቶች ከክንድ የሚመለሰውን ፈሳሽ እያጣሩ ወደ ደም የሚያሳልፉ ኬላዎች ናቸው። ሲወጡ መንገዱ ይጠባል፤ ፈሳሹ መውጫ ሲያጣ ክንዱ ውስጥ ይጠራቀማል። የብብት ንፍፊታቸው ከተለቀመ ሴቶች ከአምስቱ አንዷ ግድም በጊዜ ብዛት ይህ እብጠት ይይዛታል። ለምርመራ አንድ ሁለት ንፍፊት ብቻ ከተወሰደባቸው ደግሞ ከ20 አንዷ ግድም ናት። በዚህ ፍርሃት ድሮ ሐኪሞችም ጭምር «በዚያ እጅሽ ምንም እንዳታነሺ» ይሉ ነበር፤ የእናትሽ ጎረቤቶች የሚደግሙት የዚያን ዘመን ምክር ነው። በፈረንጆቹ 1996 ቫንኩቨር፣ ካናዳ ውስጥ አንድ የስፖርት ሐኪም ይህን ሊፈትን የጡት ካንሰር የታከሙ 24 ሴቶችን አሠልጥኖ ረጅም ጀልባ አስቀዘፈ። መቅዘፍ ማለት ክንድና ትከሻ ሳያርፍ የሚሠራበት ከባድ ልፋት ነው። ከሴቶቹ አንዷም አዲስ እብጠት አልጀመራትም። (እናትሽን ወደ ሐይቅ ወስደሽ ታንኳ አስቀዝፊያቸው ማለቴ አይደለም፤ እሳቸው ግን ሳይስቁ አይቀሩም፣ ንገሪያቸው።) ኋላ በፈረንጆቹ 2009 ደግሞ ክንዳቸው አስቀድሞ ያበጠ 141 ሴቶች የተሳተፉበት የአሜሪካ ጥናት ታተመ። በሳምንት ሁለት ጊዜ ክብደት ያነሱት ሴቶች እብጠታቸው ካላነሱት የባሰ አልሆነም፤ እንዲያውም ሕመሙ የሚነሳባቸው ጊዜ አነሰ።

ከዚህ የሚወሰደው «እንግዲያው ይሸከሙ» የሚል እንዳይደለ ልብ በይ። እነዚያ ሴቶች ከቀላል ተነስተው በየጊዜው ጥቂት ጥቂት እየጨመሩ ነው የሄዱት። ክንድን የሚጎዳው ሁለት ነገር ነው፦ ያልለመደውን ሸክም በድንገት መጫን፣ እና አንድ ዓይነት ሥራ ሳያርፉ ለሰዓታት መሥራት። የገጠር ሥራችን ደግሞ ሁለቱንም ይወዳል፤ ስድስት ሳምንት አልጋ፣ ከዚያ በአንድ ቅዳሜ አርባ እንጀራ።

እኔ የምጠቀምበት መለኪያ የነገ ጠዋት ክንድ ነው። እናትሽ ዛሬ አንድ አዲስ ሥራ ይሞክሩ። ነገ ጠዋት ሲነሱ ክንዱ እንደ ትናንቱ ከሆነ ሥራው ልክ ነበር፤ በሚቀጥለው ጥቂት ይጨምራሉ። ከብዶ፣ ቀለበት ጠቦ፣ ወይም ሕመሙ እስከ ማግስቱ ዘልቆ ካደረ በዝቷል፤ ግማሹን ይቀንሱ እንጂ ጨርሰው አይተዉ። ለማንበብ ለማይችሉ እናት ከማንኛውም ወረቀት ይልቅ ይህ ይቀላል።

አሁን ወደዚያ ክር። አክስትሽ ያዩት ነገር እውነት ነው፣ ስሙን ነው የሳቱት። የዞረ ሥር የለም። ንፍፊቱ ሲወጣ ወደ እሱ ይመጡ የነበሩ ቀጫጭን የፈሳሽ መሄጃዎች ይደድሩና እንደ ገመድ ይወጠራሉ። ብዙውን ጊዜ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ባሉት የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይታያል፤ አንዳንዱ ብብት ላይ ያበቃል፣ አንዳንዱ እስከ አንጓ ይወርዳል። ካንሰሩ ተመለሰ ማለትም አይደለም። አብዛኛው በሦስት ወር ግድም ውስጥ ይጠፋል፤ ቀስ ብሎ መለጠጥ ያፋጥነዋል። ሲለጥጡት አንድ ቀን ራሱን ችሎ «ጠሽ» ብሎ ሊላቀቅ ይችላል፤ ቢሰሙት አይደንግጡ።

ወጌሻ ግን በፍጹም አይሆንም። ወጌሻዎቻችንን አላቃልልም፤ የወለቀ ክንድ ሲመልሱ ያየሁ ሰው ነኝ። ይህ ክንድ ግን የእነሱ አይደለም። ያን ክር በአውራ ጣት ማሸት፣ መጎተት፣ በጋለ ቅቤ መታሸት ገና እየሻረ ያለውን ብብት ያቆስላል፣ እብጠቱንም ይጠራል። በዚያ ክንድ ላይ ዋግምትም ሆነ ብጣት አይታሰብ። ንፍፊት የሌለው ክንድ በትንሽ ስንጥቅ በኩል የገባ ጀርም በቀላሉ ይሰራጭበታል። አክስትሽን ላለማስቀየም «ሐኪሙ ሦስት ወር ጠብቁ ብሏል» በያቸው፤ እስከዚያ ክሩ ራሱ መልስ ይሰጣቸዋል።

እንቅስቃሴው ይህን ይመስላል። እንግሊዝ ውስጥ 392 ሴቶች የተሳተፉበት፣ በፈረንጆቹ 2021 የታተመ ጥናት ከቀዶ ሕክምናው በሰባተኛውና በአሥረኛው ቀን መካከል በባለሙያ እየተመሩ የጀመሩት ከዓመት በኋላ ክንዳቸው የተሻለ እንደሚሠራላቸው አሳይቷል። ለእናትሽ አምስት ሳምንት አልፏል፤ አልመሸባቸውም፣ ግን ከዛሬ ነው መጀመር ያለባቸው። ሐኪማቸው ካልከለከላቸው ከግማሽ ሰዓት በፊት ፓራሲታሞል ቢወስዱ ይቀላቸዋል።

መጀመሪያ መደቡ ላይ በጀርባቸው ይተኙ። የመጥረጊያ እንጨት ወይም የአባትሽን ሽመል በሁለት እጃቸው ይያዙ። ደህናው ቀኝ ክንድ እየመራ፣ ክርናቸውን ሳያጥፉ፣ ዱላውን ቀስ ብለው ወደ ራሳቸው በላይ ያውጡት። ሲወጠር እዚያው አምስት ትንፋሽ ይቆዩ፣ ይመልሱት። ከአምስት እስከ አሥር ጊዜ። ተኝቶ መሥራቱ ክንዱን ያቀለዋል፤ ቆመው የማይደርሱበት ቦታ ተኝተው ይደርሳሉ።

ቀጥሎ ግድግዳው። ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው በግራ እጃቸው ጣቶች እንደ ሸረሪት ወደ ላይ ይውጡ። የደረሱበትን በከሰል አንድ መስመር አስምሪበት። ነገ ከዚያ መስመር ያለፈ ነገር አይጠበቅም፤ ሳምንቱ ሲሞላ ግን በጣት ስፋት መብለጥ አለበት። ከዚያ ጎናቸውን ወደ ግድግዳው ሰጥተው እንዲሁ፤ ይኼኛው ይበልጥ ይከብዳል፣ ክሩም የሚወጠረው እዚህ ላይ ነው። መዳፋቸውን ወደ ላይ ገልብጠው ክንዳቸውን ወደ ጎን ሲዘረጉ ሲስባቸው 20 ሰከንድ ያህል ይቆዩ። መሳብ ይፈቀዳል፤ እንደ መርፌ የሚወጋ ሕመም ሲመጣ መመለስ ነው።

ሌላው ከኑሯቸው ጋር የተያያዘ ነው። ሻሻቸውን ሌላ ሰው አይሰርላቸው። ሁለት እጅን ከማጅራት ኋላ ወስዶ ሻሽ ማሰር እኔ ክፍሌ ውስጥ ከማሠራው ጋር አንድ ነው። መቀነታቸውንም ከኋላ ራሳቸው ይሰሩ። ትከሻን ወደ ላይ፣ ወደ ኋላ፣ ወደ ታች ማዞርን ደግሞ ለወሎ ሰው ማስተማር አያስፈልገኝም፤ «እስክስታውን በጣም በዝግታ» ብያቸው ያልገባቸው አንድም ታካሚ አላጋጠመኝም። ይህን ሁሉ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ፣ አሥር አሥር ደቂቃ። አንድ ጊዜ አንድ ሰዓት ከመሥራት ሦስት ጊዜ አሥር ደቂቃ ይሻላል።

መራመድንም አትርሺ፤ ከሁሉም የሚቀድመው እሱ ነው። የኩታበር አቀበት ለጤነኛ ሰውም ትንፋሽ ይቆርጣልና መጀመሪያ በሜዳው አሥር ደቂቃ፣ ቀስ በቀስ ወደ ግማሽ ሰዓት። ሲራመዱ ክንዱ ከጋቢው ይውጣና ይወዝወዝ።

ሶላት። ለተክቢራ እጅ ማንሳት በራሱ በየቀኑ የሚደጋገም የትከሻ እንቅስቃሴ ነው፤ እስከሚደርስላቸው ያንሱ። ሩኩዕ ችግር የለውም። ሱጁድ ሲወርዱ ክብደታቸውን በጉልበታቸውና በቀኝ እጃቸው ላይ ይጣሉ፤ የግራ መዳፋቸው መሬቱን ይንካ እንጂ አይሸከም። ሲነሱም በግራው አይደገፉ። ይህ ካስቸገራቸው ወይም ከኬሞው በኋላ ካዞራቸው ተቀምጦ መስገድ ለታመመ ሰው የተፈቀደ መሆኑን እናንተው ታውቃላችሁ። በየወሩ ለመዳፉ ትንሽ ትንሽ ክብደት ይስጡት። እዚህ አገር በአንድ ቤት ሁለቱም ሃይማኖት አለና፣ በሁለት መዳፍ ተደግፈው ወድቀው የሚነሱበትን ስግደት ለሚሰግዱ ክርስቲያን እናቶችም የምለው ይኸው ነው።

እንጀራ መጋገር አንድ ሥራ ይመስላል እንጂ ስድስት ሥራ ነው፤ ለየብቻው ማየት አለብን። ማቡካቱን ቀኝ እጃቸው ይችላል፤ የግራው የቡሖ ዕቃውን ይያዝ። የሞላ ቡሖ ዕቃ አንስቶ ወደ ምድጃ ማምጣት ግን የሌላ ሰው ድርሻ ነው። ሊጡን ምጣዱ ላይ ማዞር በቀኝ እጅ ስለሚሆን ብዙ አያሠጋም። አክንባሎ መክደንና ማንሳት፣ እንጀራውን በሰፌድ ማውጣት ክንድን ወደ ፊት ዘርግቶ መያዝ ስለሚጠይቅ የሚያደክመው እዚህ ነው።

ከክብደቱ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ግን እሳቱ ነው። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የላይኛው ክንድ የውስጥና የኋላ በኩል፣ ብብትና የደረት ቆዳ ብዙውን ጊዜ ይደነዝዛል፤ በብብት የሚያልፍ የስሜት ነርቭ ስለሚነካ ነው። ለወራት ይቆያል፣ አንዳንዱም ጨርሶ አይመለስም። የደነዘዘ ቆዳ ወላፈኑን አይነግራቸውም። ቃጠሎውን የሚያውቁት ቆዳው ውሃ ሲቋጥር ነው፤ ያ ክንድ ደግሞ ቁስል የማይመቸው ክንድ ነው። ስለዚህ በእንጨት የሚጋግሩ ከሆነ ቀኝ ጎናቸውን ለእሳቱ ሰጥተው ይቀመጡ፣ የግራው እጅጌ እስከ አንጓ ይሸፈን፣ ማገዶ መማገድ በግራ እጅ አይሁን። ኬሞው ጣቶቻቸውን ካደነዘዘባቸው ጥንቃቄው ለቀኝ እጃቸውም ነው። አንቺ ዘንድ ኮምቦልቻ ሲመጡ በኤሌክትሪክ ምጣድ ቢጀምሩ ጥሩ መለማመጃ ነው።

መቼ ላልሽው፣ የግራ ክንዳቸው ሳይታገል ከራሳቸው በላይ ወጥቶ ጆሯቸውን ሲነካ። ያን ዕለት አምስት እንጀራ ይጋግሩና ይነሱ፤ ሊጡ ቢተርፍ ሌላው ይጨርሰው። ማግስቱን ያዩታል። በሚቀጥለው ሰባት ስምንት። የሰርጉ እንጀራ እንግዲህ መቶም ሁለት መቶም ነው፣ እሱን ሌሎች ይጋግሩት። እናትሽ ወንበር ላይ ተቀምጠው «ዓይኑ አልወጣም፣ ሊጡ ቀጥኗል» እያሉ ይዘዙ። ድግስ ላይ ማዘዝ ከመጋገር የሚያንስ ክብር አይደለም፤ ይህን ግን እኔ ከምላቸው ወንድምሽ ቢላቸው ይሰማሉ።

ውሃው የተለየ ነው። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ስለሆነ ሚዛን አያስፈልጋችሁም። ስድስት ሳምንት እስኪሞላ በግራ እጃቸው ከአንድ ባለ ሁለት ሊትር ሃይላንድ በላይ አያንሱ። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ ግማሽ ሊትር ያህል እየጨመሩ፣ የማግስቱን ክንድ እያዩ፣ በሦስተኛው ወር ወደ አምስት ሊትሯ የዘይት ጀሪካን ቢደርሱ ጥሩ ሄደዋል። ሃይላንዷን ክንድን አንጠልጥሎ ከመሸከም ወደ ገላ አስጠግቶ መያዝ ይሻላል።

ባለ 20 ሊትሩ ሌላ ጣጣም አለው። እኛ ዘንድ ሴቶች በጀርባቸው ነው የሚያዝሉት፤ ገመዱ ደረት ላይ ያልፋል፣ ብብት ሥር ይገባል። ማለት 20 ኪሎው የሚንጠለጠለው ልክ ስፌቱ ባለበት፣ ልክ የፈሳሹ መንገድ በጠበበበት ቦታ ላይ ነው። እንጨት መሸከምም፣ ልጅ በአንቀልባ ማዘልም ያው ነው፤ የልጅ ልጅ ካለ ተቀምጠው ይቀፉት እንጂ አይዘሉት። አህያ ካላችሁ አህያው፣ ከሌላችሁ ጎረምሶቹ ያምጡት። ለዘላለም ክልክል ነው አልልም፤ በገመድ ማዘልን ግን ይህ ዓመት እስኪያልፍ ባያስቡት እመርጣለሁ። ወንድምሽ ከሚያገባት ልጅ በፊት ውሃ መቅዳት ቢለምድ ለትዳሩም አይጎዳውም።

የቀረውን ቶሎ ቶሎ ልበለው። ሽንኩርት መክተፍ፣ ድንች መላጥ፣ ቡና መቁላትና መቅዳት፣ ምስር መልቀም ዛሬውኑ ይችላሉ። ቡና መውቀጥ ይቆይ፤ ዘነዘና ወደ ላይ እየተነሳ በኃይል የሚወርድ ነገር ነው፣ ከሁለት ወር በኋላም ቢሆን በቀኝ እጅ። ልብስ ማጠቡ ቀላል ቀላሉ ይሁን፣ ጋቢና ብርድ ልብስ መጭመቅ አይሁን። ጥጥ መፍተል የሚያውቁ ከሆነ ደግሞ ዛሬ እንዝርታቸውን አምጪላቸው። ባዘቶውን በግራ እጅ ይዞ ክሩ ሲረዝም ክንድን ቀስ እያደረጉ ወደ ላይ መሳብ፣ ክብደት የለው፣ ዝግ ያለ፣ የሚደጋገም፤ እኔ ካሰብኩት ከየትኛውም እንቅስቃሴ ይበልጣል። ከግማሽ ሰዓት በላይ ሳያርፉ አይፍተሉ ብቻ። ኩበት መጠፍጠፍና ቤት በእበት መለቅለቅ ኬሞው እስኪያልቅ ለሌላ ይተው። በኬሞ ወቅት በሽታ ተከላካዩ ነጭ የደም ሴል ይቀንሳል፤ ለተሰነጣጠቀ እጅ እበት ጥሩ ጎረቤት አይደለም። ጓሮ ሲገቡ ጓንት ያድርጉ፣ ማታ ክንዳቸውን ታጥበው ቫዝሊን ይቀቡት።

ኬሞው ሲጀምር አንዳንድ ቀን ከመደብ መነሳት ያቅታቸዋል። ስንፍና አይደለም፣ መድኃኒቱ ነው። በእነዚያ ቀናት ሥራው ሁሉ ይቅር፤ ተኝተው በዱላው የሚሠሩት እንቅስቃሴ ብቻ አይቋረጥ። ሲሻላቸው መራመድ ድካሙን ያቀለዋል፤ ተኝቶ መዋል ያባብሰዋል።

እብጠቱን ቀድሞ ለመያዝ ከልብስ ሰፊ አንድ ሜትር ግዢ። ዛሬ፣ ክንዱ ደህና ሳለ፣ ሁለቱንም ክንድ ለኪ፦ መዳፍ መሃል፣ አንጓ ላይ፣ ከክርን 10 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ፣ ከክርን 10 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ። ቁጥሩን ደብተር ላይ ጻፊ። በየሁለት ሳምንቱ እዚያው ቦታ ላይ ድገሚው። አዘውትረው የሚሠሩበት እጅ በተፈጥሮው ትንሽ ሊወፍር ስለሚችል የምታወዳድሪው ከዛሬው ቁጥር ጋር ነው። ልዩነቱ ወደ ሁለት ሴንቲ ሜትር ከደረሰ፣ ወይም ሜትሩ ሳይናገር እጅጌው፣ አምባሩ፣ ቀለበቱ ከጠበበ ይምጡ። ገና ሲጀምር የተያዘ እብጠት ክንዱን ጠበቅ አድርጎ በሚይዝ የሕክምና እጅጌና በእንቅስቃሴ ይገታል፤ ከከረመ ቆዳው ይጠነክርና ያስቸግራል። ደም ግፊት ሲለካና መርፌ ሲወጋ ቀኝ እጃቸውን ይስጡ። አንድ ቀን ቸግሯቸው በግራው ቢወጉ ግን ዓለም አይገለበጥምና እንዳያስጨንቃቸው።

ቀጠሮ የማይጠብቅም ነገር አለ። ክንዱ ወይም ደረቱ ቀልቶ ከጋለ፣ ብርድ ብርድ ካላቸው፣ ከስፌቱ መግል ከወጣ፣ ክንዱ በአንድ ቀን ውስጥ ድንገት ካበጠ፣ ያኑ ቀን ጤና ተቋም ይድረሱ። ኬሞ ከጀመሩ በኋላ ትኩሳታቸው 38 ከደረሰ ሌሊትም ቢሆን መሄድ ነው፤ «ጠዋት እናያለን» አይባልም። ቴርሞሜትር ከሌላችሁ ሜትሩን ስትገዢ አብረሽ ግዢ። የትንፋሽ ማጠር ወይም የአንድ እግር ማበጥም እንዲሁ ነው። ከስፌቱ ሥር ውሃ እንደቋጠረ ሲነኩት የሚናወጥ ነገር ካለ ደግሞ አያስደነግጥም፣ ግን ሐኪሙ ይየው፤ ቤት ውስጥ በመርፌ አይነካ።

ጋቢውን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር፣ ሴት ልጅ ነሽና ላንቺ ይቀላል። ቁስሉ ስለዳነ፣ ከለስላሳ ጥጥ የተሠራ፣ የቀኙን ጡት የሚያክል ትራስ ሰፍተሽ በጡት መያዣቸው ውስጥ አድርጊላቸው። ቀሚሱ እኩል ሲወርድ የሚሸሸጉበት ነገር ይቀንሳል፣ ትከሻቸውም ይቃናል። ይህን ብቻ አድርጋ በሁለት ሳምንት ክንዷ የተፈታላት እናት አውቃለሁ፤ ዱላውንም ግድግዳውንም ሠርታ ነበር፣ እሷ ግን እስከ ዛሬ የምታመሰግነው ጥጡን ነው።

ለሰርጉ ሁለት ወር አላችሁ። ዘፈኑ ሲመጣ ትከሻቸውን ያንቀሳቅሱ፣ ማንም አይከልክላቸው። የቀሪቦውን ጋን ግን እንዳያነሱ አንድ ሰው ይጠብቃቸው፤ ሞቅ ሲላቸው ይረሱታል።

የከሰሉ መስመር በሁለት ሳምንት ውስጥ ምንም ካልጨመረ፣ ወይም ክንዳቸውን ወደ ፊት ሲያነሱ ጠፍጣፋው የትከሻ አጥንት ከጀርባቸው እንደ ክንፍ ከወጣ፣ ፊዚዮቴራፒ ክፍል አምጪያቸው። ለኬሞ ደሴ በሚመጡበት ቀን ብታደርጉት መንገዱን ሁለቴ አትሄዱም። ቁጥሩን የጻፍሽበትን ደብተርም ይዘሽ ነይ።